ከጋፋት እስከ መቅደላ
የብረት ሥራና የሰረገላ ታሪክ

ገበሬ በሬ አለኝ ይላል። መሬት አለኝ፣ ዘርም አለኝ ይላል። ማረሻ ከሌለው ግን በሬውም መሬቱም ዘሩም ምን ያደርጉለታል? ሞፈሩንና ቀንበሩን ራሱ ጠርቦ ያዘጋጃል። ዕርፉንና ድግሩንም ከዛፍ ቆርጦ ይሠራል። ማረሻውንና ወገሉን ግን ራሱ አይሠራቸውም። እነሱ ብረት ናቸው። ብረት ደግሞ የቀጥቃጭ እጅ ይፈልጋል።

በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ያለ ገበሬ ይህን ከእኛ የበለጠ ያውቃል። ማረሻው የዶለዶመበት ሰው ዝናቡ ሳይቀድመው ወደ ቀጥቃጭ ይሄዳል። ያስመታል፣ ያሾላል፣ ይመለሳል። በእርሻ ወራት ቀጥቃጩ ቢታመም ወይም አገር ለቆ ቢሄድ መንደሩ ሁሉ ይጨነቃል።

ታዲያ ይህን ያህል የምንፈልገውን ባለሙያ እንዴት ነው የምናየው? እናከብረዋለን ወይስ እንንቀዋለን? ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ትንሽ ግን አይደለም። የአገር ጉዳይ ነው። ይህንንም የምናሳየው ከ150 ዓመት በላይ ባስቆጠረ ታሪክ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በደብረ ታቦር አጠገብ ነው። የሚያበቃው ግን እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ ከአምባሰል በስተ ምዕራብ በሚገኘው በመቅደላ አምባ ላይ ነው።

1. ቀጥቃጭ እንዴት ይሠራል?

በመጀመሪያ ሥራውን እንመልከት። ቀጥቃጭ ብዙ ዕቃ የለውም። ወናፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ መስፍና ከሰል አሉት። ወናፉ ከፍየል ቆዳ የተሠራ ነው። ብዙ ጊዜም ሁለት ነው። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው አየር ይሞላል። በዚህ ዓይነት እሳቱ ዕረፍት ሳያገኝ ይነዳል።

ከሰል የሚፈለግበት ምክንያት አለ። እንጨት ሲነድ ጭስና እርጥበት ያወጣል። ከሰል ግን እርጥበቱ አስቀድሞ የወጣለት ስለሆነ ሙቀቱ ይበረታል። ወናፉ ሲጨመርበት ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎም ወደ ቢጫ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ብረቱ አይቀልጥም፤ ይለሰልሳል እንጂ። ቀጥቃጩም በጉጠት ይዞ በመስፍ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ይመታዋል። ሲቀዘቅዝ እምቢ ይላል። እንደገና ወደ እሳት ይመለሳል።

ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ዶማ፣ ቢላዋ፣ ጦር፣ ሁሉም የሚወጡት ከዚህች እሳት ነው። በጦርነት ጊዜ ጌታው ጦር ይፈልጋል። በሰላም ጊዜ ገበሬው ማረሻ ይፈልጋል። ሁለቱም የሚሄዱት ወደ አንድ ሰው ደጅ ነው።

2. ሰረገላ ለምን አልነበረንም?

በድሮ ዘመን በአገራችን ሸክም የሚሸከሙት አህያ፣ በቅሎ፣ ግመልና የሰው ጀርባ ነበሩ። በመንኮራኩር፣ ማለት በክብ እግር የሚሽከረከር ጋሪ ወይም ሰረገላ እንደ ሌላው አገር አልተለመደም ነበር። ለምን ይሆን? ዋነኛው ምክንያት የአገራችን አቀማመጥ ነው። በአምባሰል ገደል አጠገብ የቆመ ሰው መልሱን በዓይኑ ያየዋል። በቅሎ ቀጭን መንገድ ይበቃታል። ድንጋይ ሲገጥማት እግሯን አንሥታ ታልፋለች። ጋሪ ግን እግሩን አያነሣም። ሰፊና የተስተካከለ መንገድ ይፈልጋል፣ ወንዝ ላይም ድልድይ ይሻል። መንገድ ከሌለ ጋሪ የለም።

ሁለተኛው ምክንያት ሙያ ነው። የሰረገላ እግር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሆኖም ሁለት ባለሙያዎች ተስማምተው ካልሠሩት አይሆንም። አንዱ እንጨት ሠሪ ነው፤ ሌላው ቀጥቃጭ ነው። እንጨት ሠሪው በመካከሉ እምብርት የሚመስል ክብ እንጨት ያደርጋል። ከእምብርቱ ዙሪያ በትሮች ይተክላል። በበትሮቹ ጫፍ ደግሞ ጎበጥ ያሉ እንጨቶች እያገጣጠመ ክቡን ይዘጋል። ይህ ብቻውን ድንጋይ ላይ ቢሄድ ወዲያው ይፈራርሳል።

እዚህ ላይ ቀጥቃጩ ይገባል። ከብረት አንድ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱን ከእንጨቱ ክብ ጥቂት ጠበብ ያደርገዋል። «ጠባብ ከሆነ እንዴት ይገባል?» ትሉን ይሆናል። ብልሃቱ ይኸውና። ብረት ሲግል ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠባል። ቀለበቱ በእሳት ሲግል ይሰፋና በእንጨቱ ላይ ይጠልቃል። ወዲያው ውሃ ሲፈስበት ይጠብና እንጨቱን አንቆ ይይዛል። ያለ ምስማር፣ ያለ ገመድ፣ መጋጠሚያው ሁሉ ይጠብቃል። በብዙ አገር ሰረገላ ሠሪዎች የሠሩት በዚህ መንገድ ነበር።

እንግዲህ አንድ ጥሩ ሰረገላ እንዲሄድ ሦስት ነገር ያስፈልጋል ማለት ነው። እንጨት ሠሪ፣ ቀጥቃጭና መንገድ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሸክሙ ወደ ሰው ጀርባ ይመለሳል።

3. የጋፋት ሠራተኞች

አፄ ቴዎድሮስ የነገሡት በ1847 ዓ.ም. ነው። በነገሡ ማግሥት ወደ ወሎ ዘምተው በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ መቅደላን ያዙ። በእሳቸውና በወሎ መሳፍንት መካከል ለብዙ ዓመት ውጊያ ነበር። ብዙ ደም ፈሷል። ይህን መርሳት አይገባንም።

ንጉሡ አንድ ነገር አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። የውጭ አገር መሣሪያ በልመናና በግዢ ከሚመጣ፣ እዚሁ በአገር ቤት እንዲሠራ ይመኙ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል መንደር አለች። እዚያ የብረትና የነሐስ ሥራ ቦታ አቋቋሙ።

በጋፋት የሠሩት የውጭ አገር ሰዎች አብዛኞቹ ከስዊዘርላንድ አገር፣ በባዝል ከተማ አጠገብ ካለ የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡ ነበሩ። ወንጌል ለመስበክ የመጡ ቢሆኑም የእጅ ሙያ ነበራቸው። ከእነሱ አንዱ ቴዎፍሎስ ቫልድማየር ነው። ከሌላ አገር የመጡም ነበሩ። ሞሪትስ ሆል የተባለው የፖላንድ ሰው፣ ቡርጎ የተባለውም ጠመንጃ ሠሪ የፈረንሳይ ሰው ነበር። ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችም አብረዋቸው ይደክሙ ነበር። ከሰል የሚያከስል፣ ድንጋይ የሚፈልጥ፣ ወናፍ የሚነፋ፣ ጭቃ የሚያቦካ ሁሉ አገሬው ነው።

ቴዎድሮስ ይህም አልበቃቸውም። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ ግን አልመጣም። ንጉሡ ተቆጥተው የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎችንም የውጭ ሰዎች አሰሩ። በኋላም ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ ወደ እንግሊዝ አገር ላኩ። የእጅ ባለሙያና የሥራ መሣሪያ ይዞ እንዲመጣላቸው አዘዙት። ባለሙያዎቹ ከነመሣሪያቸው እስከ ምጽዋ ደረሱ። እስረኞቹ አልተፈቱምና ከዚያው በ1859 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጠብ ሙያን ከደጃፍ መለሰ ማለት ነው።

4. ትልቁ መድፍ

ጋፋት መጀመሪያ መድፍ እንድትሠራ የተቋቋመች አልነበረችም። ሠራተኞቹም መድፍ አፍስሰው አያውቁም ነበር። ንጉሡ ግን አጥብቀው ያዙ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አልሰመሩም። እየወደቁ እየተነሡ ግን ትንንሽ መድፎች ለመሥራት በቁ። በመጨረሻም ወደ 1859 ዓ.ም. ከሁሉም የሚበልጠው ተሠራ። ስሙም ሴባስቶፖል ተባለ። ሴባስቶፖል በዚያ ዘመን የሩስያ የባሕር ከተማ ነበረች። በ1847 ዓ.ም. ገደማ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በቱርክ ጦር ተከብባ ብርቱ ውጊያ የተደረገባት ናት። የዚያ ውጊያ ዝና እስከ አገራችን ደርሶ ነበር።

ይህ ሥራ ከመንደር ቀጥቃጭ ሥራ ይለያል። የመንደር ቀጥቃጭ ብረቱን አለስልሶ ይመታል። መድፍ ሠሪው ግን ማዕድኑን እንደ ውሃ አቅልጦ በቅርጽ ውስጥ ያፈሳል። ብረትን ማቅለጥ እጅግ ብርቱ እሳት ይፈልጋል። ነሐስ ግን ከብረት ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ ሲቀላቀሉ የሚገኝ ነው። እዚህ ላይ ቆርቆሮ ስንል ቤት የምንከድንበትን አይደለም። ነጭና ለስላሳ የሆነውን ማዕድን ነው።

ቅርጹ ከጭቃ ይሠራል። ጭቃው ፈጽሞ መድረቅ አለበት። እርጥበት ከቀረበት የቀለጠው ነሐስ ሲነካው እርጥበቱ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል። ቅርጹም ይፈነዳል፤ ሰው ያቃጥላል። ደግሞም ነሐሱ መሐል ላይ ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ መፍሰስ አለበት። እሳቱ ቢደክም፣ ወይም ነሐሱ ቢያንስ፣ የወራት ድካም በአንድ ሰዓት ይበላሻል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ችግር አልፈው ሴባስቶፖልን ማውጣታቸው ትልቅ ሥራ ነበር።

ሴባስቶፖል ሰባ ኩንታል ያህል እንደሚመዝን ይነገራል። እስቲ አብረን እናስላው። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ትጫን እንበል። ሰባ ኩንታል እህል ቢሆን 140 አህያ ያስፈልገው ነበር። መድፍ ግን እንደ እህል በየአህያው አይከፋፈልም። አንድ ወጥ ነው። ታዲያ በምን ይሄዳል? በሰረገላ ነዋ!

5. ሰረገላው ይመጣል፣ መንገዱ ይቀደዳል

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ክረምቱ እንዳለፈ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ጉዟቸው ወደ መቅደላ ነበር። በዚያን ጊዜ አብዛኛው አገር ሸፍቶባቸዋል። ሠራዊታቸውም ከድሮው አንሷል። መድፎቹ በሰረገላ ተጭነዋል። ሰረገላውን የሚስበው ግን በሬ ወይም ፈረስ አልነበረም፤ በመቶ የሚቆጠር ሰው በገመድ እየጎተተ ነው።

መንገዱ በጋይንት፣ በዋድላና በደላንታ በኩል ነው። በመካከሉ ሁለት ታላላቅ ሸለቆዎች አሉ። የመጀመሪያው የጅጣ ወንዝ ሸለቆ ነው። ሁለተኛው የበሽሎ ሸለቆ ነው። በሽሎን የወሎ ሰው ያውቀዋል። ውሃው ወደ ዓባይ የሚገባ፣ ቆላው የሚያቃጥል፣ ገደሉ የሚያስፈራ ነው። በእግር መውረዱና መውጣቱ ራሱ ጉልበት ይጨርሳል። ሰባ ኩንታል ነሐስ ይዞ ለመውረድማ ምን ይባላል?

ስለዚህ ከሰረገላው በፊት መንገድ ይሠራ ነበር። ድንጋይ ይፈለጣል፣ አፈር ይቆፈራል፣ ገደል ይሞላል። በዚያ ዘመን አብረው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ያዩትን ጽፈዋል። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። መንገዱ በተቆረጠ ቁጥር ሰረገላው ጥቂት ይራመዳል። ከዚያ ይቆማል። እንደገና ይቆፈራል። እንደገና ይሳባል።

ብዙ ሰው አቀበት ይከብዳል ይላል። ለሰረገላ ግን ቁልቁለት ይብሳል። አቀበት ላይ ሰረገላው ቢደክም ይቆማል። ቁልቁለት ላይ ግን ካመለጠ ማን ይይዘዋል? ሰዉን ሁሉ ደምስሶ ገደል ይገባል። ስለዚህ ከኋላ ሆኖ ወደ ላይ እየጎተተ የሚያስቀር ሰው ያስፈልጋል። እግሩ ላይ ድንጋይ የሚያደርግም ያስፈልጋል።

ከደብረ ታቦር መቅደላ በቅሎ የያዘ መንገደኛ በጥቂት ቀናት ይደርሳል። ሰረገላው ግን ስድስት ወር ያህል ፈጀበት። በመጋቢት 1860 ዓ.ም. በሽሎን ተሻግሮ ከመቅደላ እግር ደረሰ። ሴባስቶፖልም ወደ አምባው ወጣ። በአገራችን ታሪክ ይህን የመሰለ ሸክም በእንዲህ ያለ አገር በሰረገላ ሲሄድ ያን ጊዜ አዲስ ነገር ነበር። በኋላ የእንግሊዝ ጦር በዚሁ መንገድ ሲሄድ መኮንኖቹ የመንገዱን ሥራ አይተው አደነቁ።

6. በመቅደላ የሆነው

እንግሊዞች እስረኞቻቸውን ለማስፈታት ጄኔራል ናፒየርን ልከው ነበር። 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ በቀይ ባሕር ዳር በዙላ ወረደ። ከባድ መድፎቹን ለመሸከም ከህንድ አገር 44 ዝሆኖች አመጣ። እንግዲህ በአንድ ወቅት ሁለት ጦር ወደ መቅደላ ይገሠግሥ ነበር። አንዱ መድፉን በሰው ጉልበት ይስባል፤ ሌላው በዝሆን ይጭናል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ነበር። በዚያ ቀን ከመቅደላ ሥር አሮጌ በሚባለው ሜዳ ውጊያ ተደረገ። የንጉሡ መድፎች ከፋላ ተራራ ላይ ተኮሱ። ጥይታቸው ግን ጠላትን እምብዛም አልጎዳም። መድፍ መሥራት አንድ ሙያ ነው፤ መድፍ አነጣጥሮ መተኮስ ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። የእንግሊዝ ወታደሮች በፍጥነት የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዘው ነበር። ፊታውራሪ ገብርዬና በመቶ የሚቆጠሩ የንጉሡ ወታደሮች በዚያ ሜዳ ወደቁ።

ከፋሲካ ማግሥት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ እንግሊዞች አምባውን ሰበሩ። አፄ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። እንግሊዞች የብራና መጻሕፍቱን፣ መስቀሉንና ዘውዱን ዘረፉ። ዝርፊያውን ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈለገ። ከዚያ በኋላ አምባውን አቃጥለው ሄዱ። ሴባስቶፖልን ግን ይዘውት አልሄዱም። እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ ላይ አለ። አምሳያው ደግሞ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

7. ሙያው የት ገባ?

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። መድፉ ቀረ። ሙያውስ? መድፍ የሚያፈሱ፣ ሰረገላ የሚሠሩ እጆች የት ደረሱ?

የጋፋት የውጭ አገር ሠራተኞች በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ። ጋፋትም እሳቷ ጠፋ። ሥራው ሰፍቶ፣ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ፣ ለገበሬው ጋሪና ድልድይ እስከ መሥራት አልደረሰም። እኛ የምናየው ሦስት ምክንያት ነው።

አንደኛ፣ ሥራው ለጦርነት ብቻ ሆነ። ንጉሡ ማየት የፈለጉት መድፍ ነበር። ገበሬው የሚፈልገው የእህል ጋሪ፣ የተሻለ ማረሻና የወንዝ ድልድይ ነበር። መድፍ ያለ ጦርነት አይፈለግም። ጦርነቱ ሲያልቅ ሥራውም አለቀ።

ሁለተኛ፣ የሥራው ሸክም በገበሬው ላይ ወደቀ። ለሠራዊቱም ሆነ ለሠራተኛው እህል የሚያቀርበው ገበሬ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በጌምድር ተዘረፈ፤ ጎንደር በ1859 ዓ.ም. ተቃጠለች። የተዘረፈ ገበሬ ደግሞ ሥራውን አይደግፍም። ይሸሻል፣ ይሸፍታል። ጎተራው ባዶ በሆነ አገር ወናፍ የሚነፋ አይገኝም።

ሦስተኛ፣ ሙያው በፍቅር ሳይሆን በፍርሃት ተያዘ። የውጭዎቹ ሠራተኞች በመጨረሻ እንደ እስረኛ ይጠበቁ ነበር። ይህም ሆኖ የአገሩ ቀጥቃጭ በመላው አገር ተበትኖ ነበር። እሱ ወናፍ፣ እሳትና መዶሻ ያውቃል። አዲሱን ሙያ ለመቀበል ከሁሉም የቀረበ እሱ ነው። ሕዝቡ ግን እሱን በንቀት ዓይን ያይ ነበር። ቤተ መንግሥት ባለሙያ ከባሕር ማዶ ይፈልጋል፤ ሕዝቡ የራሱን ባለሙያ ይሰድባል። በዚህ መካከል ሙያ እንዴት ሥር ይሰድዳል?

8. ስድብ ሙያን ይገድላል

በድሮ ዘመን ቀጥቃጭ «ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል፣ ማታ ጅብ ሆኖ ይሄዳል» ይባል ነበር። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ ብረት ሠሪዎች ነበሩና ይህ ስም ይለጠፍባቸው ነበር። በሌላውም አገር ቀጥቃጭ ከሌላው ጋር እንደ ልብ አይጋባም፣ በብዙ ቦታም የእርሻ ርስት አይሰጠውም ነበር። ልጁም ይህን ስድብ እየሰማ ያድጋል። ታዲያ አድጎ የአባቱን መዶሻ በደስታ ያነሣል?

አንድ ገበሬ እናስብ። ወደ ቀጥቃጭ ደጅ ሄዶ፣ «ወንድም ዓለም፣ እባክህን ማረሻዬን ቶሎ ምታልኝ» ይላል። ማረሻውን ተቀብሎ ዞር ሲል ደግሞ ልጁን «ከእሱ ልጅ ጋር እንዳትጫወት» ይላል። ማረሻውን ይወዳል፤ ማረሻውን የሠራውን እጅ ይጠላል። ይህ እውነት ነው ወይስ አይደለም? እስቲ ሁላችን ራሳችንን እንጠይቅ።

ልጅ ሲታመም፣ ሲከሳ፣ ሲያስቀምጠው፣ በሽታ እንጂ የሰው ዓይን አይደለም። የቆሸሸ ውሃ፣ ዝንብ፣ የምግብ እጥረትና ወባ ብዙ ልጅ ይጎዳሉ። ቀጥቃጭን ስንከስስ ውሃው ሳይፈላ፣ ልጁም ጤና ጣቢያ ሳይሄድ ይቀራል። ስለዚህ ይህ እምነት ሁለት ሰው ይጎዳል። ባለሙያውን ያዋርዳል፤ የታመመውንም ልጅ ያስገድላል።

ነገሩን ከነገሥታቱ ውስጥ የተረዱት ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በልጅነታቸው በመቅደላ አሥር ዓመት ያህል ታስረው ነበር። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የወሎዋ ወርቂት አሳልፋ ወደ ሸዋ ሄዱ። በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አወጡ። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሙያው እየጠሩ መስደብ እንዲቀር አዘዙ። የሚሰድበው ሰው እንዲቀጣም ነገሩ። አዋጁ መልካም ነበር። ግን አዋጅ ብቻውን ልብ አይለውጥም። የብዙ ዘመን ስድብ በአንድ ቀን አዋጅ አልጠፋም። የሚጠፋው በየቤታችን፣ በየገበያችን፣ በየልጆቻችን አፍ ላይ ስናጠፋው ነው።

9. ከታሪኩ ምን እንያዝ?

ዛሬ በብዙ የአገራችን ከተሞች የፈረስና የአህያ ጋሪ ይሄዳል። እህል ይጭናል፣ ውሃ ያመላልሳል፣ በሽተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ጋሪው ሲሰበር ጋሪ ሠሪ ይጠግነዋል። የብየዳ ባለሙያ ብረቱን ያያይዛል። በመንደር ያለው ቀጥቃጭም ማረሻ ይመታል፣ ማጭድ ያሾላል። እነዚህ ሁሉ የአንድ ሙያ ልጆች ናቸው። ሴባስቶፖልን የጫነው ሰረገላና የገበያው ጋሪ ዘመዳሞች ናቸው። ልዩነቱ አንዱ ለጦርነት፣ ሌላው ለኑሮ መሠራቱ ነው።

በመቅደላ ያለው መድፍ ምስክር ነው። ኢትዮጵያውያን እጅ ከተሰጣቸውና ከተማሩ ከባድ ነገር መሥራት እንደሚችሉ ይመሰክራል። በሽሎን የሚያህል ሸለቆ መንገድ አውጥተው መሻገር እንደሚችሉም ይመሰክራል። ከዚህም ጋር ሌላ ነገር ይመሰክራል። ሙያ በጥቂት ሰው እጅ ብቻ ከቀረ፣ ገበሬውን ካልጠቀመ፣ ባለሙያውም ካልተከበረ፣ ትልቅ ሥራ ተሠርቶም ዘር ሳይተው ይቀራል።

ማረሻ ግን ዘር ትቷል። ጋፋት እሳቷ ከጠፋ በኋላ የመንደሩ ቀጥቃጭ እሳት አልጠፋም። እየተሰደበ፣ እየተገፋ፣ በትንሽ ጎጆው ውስጥ ወናፉን ነፋ። ልጁንም አስተማረ። አያቶቻችን ያረሱት፣ እኛም በልተን ያደግነው በእሱ ማረሻ ነው። በሐይቅ ሜዳም ሆነ በአምባሰል ዳገት የተዘራው ጤፍና ማሽላ የእሱም ድካም አለበት።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ማረሻ ልናስመታ ስንሄድ ቀጥቃጩን «ባለሙያ» ብለን እንጥራው። ዋጋውን አናጉድልበት። ልጁ ከልጃችን ጋር አብሮ ይማር፣ አብሮ ይጫወት። ከልጆቻችንም መካከል እጁ የሚቀናው ቢኖር ሄዶ ሙያውን ይልመድ። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም። አዋጅም መጠበቅ የለብንም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የሰረገላ እግር ብረት ያለ ምስማር እንጨቱን አጥብቆ የሚይዘው እንዴት ነው?
2. የጭቃ ቅርጽ ሳይደርቅ የቀለጠ ነሐስ ቢፈስበት ምን ይሆናል? ለምን?
3. የጋፋት ሥራ ሳይቀጥል የቀረው ለምንድን ነው? በጽሑፉ ከተነገሩት ምክንያቶች እናንተ የትኛውን ታስቀድማላችሁ?
4. በመንደራችሁ ያሉ ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች እንዴት ይታያሉ? እነሱስ ምን ይላሉ? ጠይቃችሁ ተነጋገሩ።